የበሬዎቹ ድርሻ

ኢንስፔክተሩ ሦስት ቀን በእኔ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በእኔ በርጩማ ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ከእኔ እንስራ ውሃ እየተቀዳለት መንደሩን በሙሉ ጠየቀ። ጆሮው የማይሰማውን ሽማግሌ ሳይቀር እየጮኸ ጠየቀው። እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማማ፣ ሌላ በርጩማ ይኖራል?»

ይኖራል አልኩት፤ አመጣሁለት። እሱም ላይ ሌላ ሰው አስቀምጦ ጠየቀበት።

ስሜ ማይዌ ነው። ማዮ ቱሪ በምትባል መንደር ቢሊቢሊ የምንለውን የቀይ ማሽላ ጠላ ስጠምቅ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ጠላ መጠጣት የተማረው ከእኔ ጋን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ለዚህ ይሆናል ባለ ደብተር ሰው ሲመጣ ዓይኑ እኔን እንደ ጉልቻ አልፎኝ የሚሄደው። የሚያውቁኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ፤ «ተዋት፣ የማይዌ ወሬ ቅናት ነው።» ቀናተኛ መሆኔን አልክድም። የቀናሁበትን ሰው ግን ከእኔ አብልጦ የሚያየው የለም። ሌላው አንዳንዴ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ እኔ አልጨፍንም።

የሞተው ዱርዌ ነው፤ የልጄ የላይሱ ባል። ሐሙስ ዕለት፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ የአጎቱ ልጅ ኪድሞ ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ግቢዬ ገባ።

«ዱርዌ ፈሩ ውስጥ ወድቋል» አለ።

ጠጪዎቹ ቅላቸውን እንደያዙ ተነሡ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ከኋላቸው ሮጥኩ።

በደረቱ ተደፍቷል። አፈር ጨብጧል፣ ምላሱን ነክሷል፣ አፉ ዙሪያ አረፋ ደርቋል። «ሹሙ» እና «ዳኛው» የሚላቸው ሁለት በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ማረሻውን ጎትተው የሮቃው ዛፍ ሥር ተኝተው ያመነዥካሉ። ሰው ሁሉ ሟቹን ያያል። እኔ በሬዎቹንም አየኋቸው፤ አንድ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልመጣልኝም፤ ላይሱ መሬት ላይ ወድቃ ስትጮህ እሷን ልይዝ ሄድኩ።

በእኛ አገር ትራሞል የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሳይበላ የሚጠመድ በሬ ቀርቷል። ክኒኑን ሰውየው አንድ ይውጣል፤ ለበሬዎቹ ደግሞ ብዙ ተወቅጦ ከአተላና ከጨው ጋር ገንዳ ውስጥ ይደባለቃል። ትራሞል የበላ በሬ ፀሐይ አያውቅም፣ ጥላ አያይም፤ እስኪፈቱት ይጎትታል። በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱ ይከዳውና ለሥጋ ይሸጣል። ሰውየው አይሸጥም እንጂ እሱም እንደዚያው ነው። ክኒኑን ያጣ ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠ ዶማ ማንሣት ያቅተዋል፣ ልጁን በሆነ ባልሆነው ይመታል። ድሮ በደቦ እየዘፈንን እናርስ ነበር። አሁን ሁሉም ለብቻው፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የጎረቤቱን ማሳ በጎን እየሰለለ ነው የሚያርሰው።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ኢንስፔክተሩ የከተማ ሰው ስለሆነ አያውቀውም። ሁለት ሚስት ባለበት ቤት ባለ ተራዋ ባሏንም በሬዎቹንም ታበላለች። ማለዳ ባልዲዋን ይዛ እኔ ዘንድ መጥታ አተላ ትወስዳለች። ላይሱ ቢጫ ባልዲ አላት፤ ለእሷ ከጋኑ ሥር ወፍራሙን እቀዳለሁ። ሁለተኛዋ ሚስት ሃይዋ ሰማያዊ ባልዲ አላት፤ ለእሷ ከላይ ቀጭኑን ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ስትሄድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ልጄ ሦስት ሴቶች ወልዳ ወገቧ ጎብጧል። በቂ ምክንያት ነው።

*

በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ሳሊዩ ከጋሩዋ ከተማ በሞተር ብስክሌት መጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጠላ የማይቀምስ፣ ጸሎቱን የማያሳልፍ ሰው ነው። ከኋላው አንድ ወፍራም ፖሊስ ጭኗል፤ እሱ የማያሳልፈው ጠላውን ነበር። ጃውሮ፣ የመንደራችን ሹም ማለት ነው፣ «የማይዌ ጥላ ይሻላል» ብሎ ግቢዬ አስቀመጣቸው። እኔን ያስፈቀደ የለም።

ኢንስፔክተሩ ፈሩ ዳር ያገኘውን የአጥሚት ቅል በላስቲክ ጠቅልሎ ዛፌ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ለከተማ ሐኪሞች ይላካል፣ መልሱ ወር ይፈጃል አለ። ከዚያ መጀመሪያ ያስጠራው ኪድሞን ነው፤ የእግሩ ዱካ ከሟቹ ማሳ ዳር እስከ ዳር ታትሞ ተገኝቷል።

«ከዱርዌ ጋር ትጣላ ነበር ይላሉ» አለው።

«እኔ የምጣላው ከበሬዎቹ ጋር ነው፣ አለቃ።»

«ትቀና ነበር?»

«የማይቀና ማን አለ? እሱ በአንድ ቀን የሚያርሰው ለእኔ የሦስት ቀን ነው። ሚስቴ ወጥ ስታወጣ እንኳን "የዱርዌ ማሳ አለቀ አሉ" እያለች ነው የምታቀርብልኝ።»

«ማሳው ውስጥ ምን ስታደርግ ነበር?»

ኪድሞ ጫማውን አየ። እኔ ጋን እያጠብኩ ነበር፣ እጄን አቆምኩ።

«ፈር ስቆጥር» አለ።

«ምን?»

«ፈሩን እቆጥርበታለሁ። በየቀኑ፣ ከቀትር በፊት አንዴ፣ ሲፈታ አንዴ። ስንት እንዳረሰ ካላወቅሁ ምሳ አይወርድልኝም።»

ፖሊሱ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። «ዛሬስ ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እንደ እባብ የተጠማዘዙ። የሃይዋ ተራ ስለነበር ሠላሳና ከዚያም በላይ እየጠበቅሁ ነበር።»

«የሃይዋ ተራ ምን አገናኘው?»

«ይኼማ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በትንሿ ሚስቱ ተራ ሠላሳ ፈር ያርሳል። በትልቋ ተራ አሥራ ስምንት።»

ኢንስፔክተሩ ይህን ሲጽፍ ብዕሩን ጫን አደረገ። ኪድሞ በማለዳው የት እንደነበር ጠየቀው። አንጥረኛው ዘንድ ነበርኩ፣ ማረሻዬ ተሰብሮ፣ አለ። አንጥረኛው ተጠርቶ መጣ፤ አዎ ነበር አለ፣ ማረሻውን ሳቀናለት የዱርዌን በሬዎች እያማ ጆሮዬን አደረቀው ብሎ ተማረረ። ኪድሞ ተለቀቀ። ከመሄዱ በፊት ወደ ዱርዌ ማሳ ዞሮ እያየ አንድ ቅል ጠላ ጠጣ። ሰው ከልቡ ሲቀናበት የኖረው ሰው ሲሞት እንዲህ ባዶውን ይቀራል።

*

አርብ ጠዋት ዱርዌን ቀበርን። ስንመለስ ቡባ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቡባ ሻይ ሻጭ ነው። ከስኳሩ ሣጥን ሥር ምን እንዳለ መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

«ትራሞል ትሸጣለህ?»

«ሻይ ነው የምሸጠው፣ አለቃ።»

«ቡባ።»

«አንዳንድ ሰው ሻዩን ባዶውን አይወድም።»

«ከአንተ ማን ማን ይገዛል?»

«ማን አይገዛም ብትለኝ ይቀለኛል። ጥጥ ለቃሚዎቹ ይገዛሉ። አስተማሪው ይገዛል። ወገብና ጉልበት ያለው ሁሉ ይገዛል።» ጃውሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ቡባ ወደ እኔም ዓይኑን ወርወር አድርጎ መለሰው። «ዱርዌ በየገበያው ለበሬዎቹ ይወስድ ነበር።»

«ከዚያ ቤት ሌላስ?»

ቡባ ባዶ ብርጭቆ በማንኪያ ማማሰል ጀመረ። «ትንሿ ሚስት። ለብቻዋ ትመጣለች። "ለማንም እንዳትናገር" ብላኛለች፤ ይኸው ለማንም አልተናገርኩም።»

«ትልቋስ?»

«ላይሱ? እሷ ሻይም አትገዛኝ። ለበሬ ስትወቅጥ ካልሆነ ክኒን በእጇ አይገባም።»

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ጨፈረ። ዱርዌ ካገባት ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ልጅ ላይ የሆነ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። ይኸው በሻይ ሻጭ አፍ መጣልኝ።

ቤቷን ፈተሹ፤ ሣጥኗ ውስጥ ምንም የለም። ወደ ግቢዬ አመጧት፣ ሕፃኑን እንዳዘለች። ፖሊሱ ዙሪያዋን ዞረና ሻሿን ከራሷ ላይ ስቦ ገፈፈው። ከቋጠሮው ስምንት ክኒኖች መሬት ላይ ረገፉ፤ ኢንስፔክተሩ ክኒኖቹንም አፈር ላይ የወደቀውን ሻሽም ለማስረጃ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። መንደሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት ራሷን ባሏ ካልሆነ ማንም አያየውም። ሃይዋ በሁለት እጇ ፀጉሯን ሸፈነች፤ ሕፃኑ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ግን አንዱን እጅ ለእሱ መልሳ በአንዱ ብቻ ሸፈነች።

«ለማን ነው?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ለዱርዌ። አንድ ብቻ፣ አጥሚቱ ውስጥ፣ በተራዬ ቀን። ራሱ ነው ያዘዘኝ። ከወትሮው ሌላ አንድ ልጨምር ይላል፣ መዋጥ ግን ይሰለቸዋል። "ላይሱ እንዳታውቅ፤ በአንቺ ተራ ለምን እንደምበረታ ይጨንቃት" ይለኝ ነበር።» ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አዘለችው። «ይስቅ ነበር።»

«ሐሙስ ስንት አደረግሽበት?»

«ሐሙስ አልነበርኩም። ጎህ ሲቀድ ልጄን አተኮሰው፤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዝግ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ዝግ ነበር አልኩህ እኮ። ማን ያየኛል?»

«አጥሚቱን ማን ሠራ ታዲያ?»

«አላውቅም። ስመለስ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።»

ላይሱ ተጠራች። በትልቅ ሚስት ደንብ ፀጉሯ በሐዘን ተላጭቶ፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሮ መጣች። ኢንስፔክተሩ ረጋ ብሎ ነው የጠየቃት።

«ተራው የእሷ ነበር» አለች። «እኔ ማለዳ እናቴ ዘንድ ነበርኩ።»

ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንስፔክተሩ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ቀና አልኩ። ያን ጊዜ ጃውሮ ሳቀ።

«አለቃ፣ እናት ለልጇ ምን ትላለች ብለህ ነው? ያውም ማይዌ። ሃይዋን ባየች ቁጥር ጠላዋ ይመራል።»

«ልክ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «የእናት ምስክርነት አይያዝም።» ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ሃይዋ ቅዳሜ መኪና እስኪመጣ ጃውሮ ግቢ እንድትታሰር ታዘዘ። ከዚያ ጋሩዋ፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት እንደሆነ ማን ያውቃል። የምታጠባ ናት አለ አንዱ። ይታወቃል አለ ኢንስፔክተሩ።

እኔ ስድቡን ነበር የማብላላው። አዎ፣ እኔ ዘንድ ነበረች ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነትም መጥታ ነበር። የዋጥኩት መልስ ግን አልተመቸኝም፤ የማይገጥም ነገር ነበረው።

*

አርብ ቀትር ላይ ኢንስፔክተሩ ለጸሎት ሄደ። ፖሊሱ አምስት ቅል ጠጥቶ ዛፌን ተደግፎ ያንኮራፋል። እኔ ብቅል ላሰጣ ወጥቼ የዱርዌን በሬዎች አየኋቸው፤ ኪድሞ ለውሃ ይነዳቸዋል። ሹሙ የሚባለው በሬ የሮቃው ጥላ ጋ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ቆመ። በሬ ነውና፤ ሞቆታል።

ሐሙስ የከነከነኝ ያን ጊዜ መጣልኝ።

ትራሞል የበላ በሬ ጥላ አያይም። ሐሙስ ዕለት ግን እነዚህ ሁለቱ ባለቤታቸው ወድቆ ሳለ ጥላ መርጠው፣ ተኝተው፣ እያመነዠኩ ነበር። ያልተሰጣቸው በሬዎች ነበሩ ማለት ነው። ዱርዌ ደግሞ ለበሬዎቹ ሳይሰጥ ጠምዶ አያውቅም።

ብቅሉን ጥዬ ወደ ዱርዌ ግቢ ሄድኩ። ገንዳው ሐሙስ እንደቀረ ነው፤ ከሰው ሞት በኋላ ማን ገንዳ ያጥባል። ግድግዳው ላይ የደረቀውን አተላ በጥፍሬ ፍቄ ምላሴ ላይ አደረግሁ። ይህ ምላስ አርባ ዓመት ጠላ ቀምሷል፤ ጋኑ ከተከደነ ስንት ቀኑ እንደሆነ ይነግረኛል። ኮምጣጣ፣ ጨው፣ ፉሩሽካ። ምሬት የለበትም። ትራሞል ከገባበት እንኳን እኔ ዶሮም ታውቀዋለች።

የፋቅሁትን ግን ጣቴ ላይ አየሁት። ወፍራም ነው፤ እንደ ሊጥ የደረቀ፣ ከጋን ሥር የተቀዳ።

ተመለስኩ። ፖሊሱ ያንኮራፋል። ላስቲኩን ፈትቼ ጣቴን ቅሉ ውስጥ ነከርኩ። መጀመሪያ የሮቃ ፍሬ ኮምጣጣ መጣ፣ ከዚያ ስኳር፣ ብዙ ስኳር። ቀጥሎ ምላሴን እንደ ሐሞት የያዘ ምሬት መጣ፤ ብተፋውም አልሄደ፣ ዳር ዳሩን አደነዘዘኝ። አንድ ክኒን አይደለም። የሁለት በሬ ድርሻ ነው።

ላስቲኩን እንደነበረ አሰርኩት። ለኢንስፔክተሩ የከተማ ሐኪሞች ወር ይፈጅባቸዋል።

*

ላይሱ ጎጆዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምታ ቀና አለች።

«ሐሙስ የማን ተራ ነበር?» አልኳት።

«የእሷ ነበር፣ እማ። ነገርኩት እኮ።»

«የመጣልኝ ባልዲ ግን ቢጫ ነበር።»

ያን ማለዳ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተራው የማን እንደሆነ እንኳን አላሰብኩም። ልጄ መጣች ብዬ ከሥር ወፍራሙን ሞላሁላት።

«የበሬዎቹን ድርሻ የት አደረግሽው?»

«ገንዳው ውስጥ።»

«ገንዳውን ቀምሼዋለሁ።»

ከዚያ በልጅነቷ ሲያማት እንደምታደርገው የምንጣፉን ክር መምዘዝ ጀመረች።

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አለች። «"በእሷ ተራ ሠላሳ፣ በአንቺ ተራ አሥራ ስምንት። ሚስት ነሽ ወይስ የበር ምሰሶ?" አላልሽኝም?»

ብያለሁ። ያውም ጠጪዎች ፊት። ስቀውላት ነበር።

«ሃይዋ አጥሚቱ ውስጥ ስትጨምር አየኋት። በአጥሩ ቀዳዳ። አስማት ነው ስል ኖሬ ለካስ ትራሞል ነው። ስንት እንደሆነ አላየሁም፣ እማ። እኔ የማውቀው የበሬዎቹን ልክ ነው፤ ስወቅጥ የኖርኩት እሱን ነው። ሐሙስ ሄዳ ቤቱ ባዶ ሲሆንልኝ፣ ዛሬ በእኔ እጅ ይበርታ አልኩ። አርባ ፈር ይረስ፣ ከዚያ የማን አጥሚት እንደነበር እነግረዋለሁ አልኩ። ለበሬዎቹ የተረፈ አልነበረም፤ ቢያዘግሙም እሱ ይነዳቸዋል ብዬ።»

«ሲጠጣው ምን አለሽ?»

«ጀርባውን ሰጥቶ ቀንበር እያሰረ ነበር። ቅሉን አስቀምጬለት ዞርኩ። ትንሽ እንደራቅሁ ከኋላዬ ጮኸ። "ሃይዋ፣ ዛሬ እጅሽ ጣፍጧል" አለኝ።» ክሩ ተበጠሰ። «ዞሬ እኔ ነኝ አላልኩትም። ቀና ብሎ ባየኝ ኖሮ ምን እንደጨመርኩ እነግረው ነበር። አላየኝም።»

ልጄ ስታለቅስ እጄን አልዘረጋሁም። እሷ በአጥሚት ያደረገችውን እኔ በአፌ አድርጌዋለሁ፤ የምዘረጋበት ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ደብቄ አልሻልም። ዝም ብል ምን ይጎድላል? ሃይዋ ነገ ትወሰዳለች። ቤቱ፣ በሬዎቹ፣ ማሳው ለልጄ ይቀራል። አራት ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ተፈትፍቶ ፊቴ ቀረበ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ላይሱም ያሰብኩትን ከፊቴ አነበበችው።

«ማንም አይጠይቅሽም፣ እማ» አለችኝ። «አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

ልታጽናናኝ ነው። ከጃውሮ ሳቅ የበለጠ ያመመኝ ግን ይኸው ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ፤ ከኋላ ክፍት የሆነ። ሃይዋን ጭነዋታል። ራሷ እንደተገለጠ ነው። ፀሐዩ ሕፃኑን እንዳይመታው መዳፏን ግንባሩ ላይ ዘርግታለች፤ ሲደክማት እጇን ትቀያይራለች። ላይሱ ከእኔ ጎን ቆማ ነበር። የአንዷ ራስ የተላጨ፣ የሌላዋ የተገፈፈ። ሁለቱንም አየኋቸው። ሃይዋን ዛሬም አልወዳትም። ግን የያዘችው ሕፃን ነው፣ ፀሐዩም ፀሐይ ነው።

«ተነቃነቂ» አልኳት ላይሱን። «በራስሽ አፍ ነው የምትናገሪው። እኔ ከጎንሽ ነኝ።»

ክንዷን ይዤ ሄድኩ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር። «እማማ፣ በርጩማዎቹን መልሰናል» አለኝ።

«በርጩማ ፍለጋ አልመጣሁም። ደብተርህን መልሰህ አውጣ።»

ጃውሮ ሊስቅ አፉን ከፈተ። አየሁት፤ ዘጋው።

ላይሱ ተናገረች። ቢጫውን ባልዲ፣ የአጥሩን ቀዳዳ፣ የበሬዎቹን ድርሻ፣ ሮቃውን፣ ስኳሩን። ኪድሞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኢንስፔክተሩ ሳያቋርጣት ጻፈ። ከዚያ እኔ ስለ በሬዎቹ ጥላና ስለ ገንዳው ነገርኩት፤ ቅሉን መቅመሴንም ነገርኩት። ፖሊሱ ዓይኑን ቦት ጫማው ላይ ተከለ።

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» አለኝ ኢንስፔክተሩ።

«አልጠየቅከኝም። ያ አንዱ ነው። ሌላው፣ ያቺ ልጅ እንድትወሰድ እፈልግ ነበር። ሁለቱንም ጻፍ። ልጄን ሰው ፊት የበር ምሰሶ ብዬ የሰደብኳትንም ጻፍ፤ እኔ ነኝ የገፋኋት።»

ከወገቤ መቀነት ቋጠሮ ፈትቼ ሦስት ክኒን ደብተሩ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይኼ የጉልበቴ ነው። የቡባ ነው። ሐሙስ ወደ ማሳው ስሮጥ አንድ ውጬ ነው የሮጥኩት። ከእኔ ጀምረህ የሁሉንም ኪስ ፈትሽ፤ የጃውሮንም። ምንም የማታገኝበት ሰው ካለ ሁለተኛ ጠላ አልጠምቅም።»

ቡባ የስኳር ሣጥኑን ዘጋ።

ኢንስፔክተሩ ክኒኖቹን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ወዲያው ወደ ላይሱ ቀርቦ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ አብራው እንደምትሄድ ነገራት። አዎ አለች። ለፖሊሱ ሃይዋን አውርዳት አለው። ወደ እኔ ዞረ።

«ይበቃል እማማ። ልጅቷ ወደ ቤቷ ትሂድ። የተያዘባት ዕቃ ጣቢያ ሲጣራ በፊርማ ይመለስላታል።»

«ጣቢያ አይደለም» አልኩት። «ሻሿ ቦርሳህ ውስጥ ነው፤ ስታስገባው አይቻለሁ። ሲገፈፍ ቆሞ ያየው ሰው ሁሉ ይኸው እዚህ አለ፣ እኔም አለሁ። አውጣው። አፈሩን አራግፍ። እዚሁ፣ በእኛ ፊት፣ በሁለት እጅህ ስጣት፤ እስክታስረውም ፊትህን አዙረህ ቁም። ልጄን ከዚያ በኋላ ትወስዳለህ።»